ፍርሃት የተባለው ጥንቃቄ፦ አረጋውያንና የእጅ ስልክ

መግቢያ

«አባባ ስልክ አይሆንላቸውም» የሚለው አነጋገር በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ልጆች ለአባታቸው ስልክ ይገዛሉ። አባትየው ሲደወልላቸው ያነሣሉ፣ ሲናፍቃቸው የልጆቻቸውን ቁጥር ፈልገው ይደውላሉ፤ ከዚያ ያለፈውን ግን ይተዉታል። የጡረታ አበላቸውን በስልኩ እንዲያንቀሳቅሱ ሲጠየቁ «እኔ ሰው ፊት ቆሜ ነው የምቀበለው» ብለው ማልደው ወደ ባንክ ይሄዳሉ፤ ተሰልፈው፣ ፈርመውና ደብተራቸውን አስመትተው ይመለሳሉ። ቤተሰቡም ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል፦ ፍርሃት።

ይኸው ቃል ከቤት ወጥቶ ወደ ጥናት ጽሑፎች ገብቷል። በቴክኖሎጂ አቀባበል ላይ የሚሠሩ ጥናቶች አረጋውያንን የሚጠቅሷቸው አብዛኛውን ጊዜ በ«እንቅፋት» ርእስ ሥር ነው፤ «የግንዛቤ ማነስ»፣ «ለለውጥ ያለ ተቃውሞ» እና «የዕድሜ ተጽዕኖ» የሚሉ ሐረጎችም ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ የተለየ ነው። አረጋውያን ለእጅ ስልክና ለመሰል መሣሪያዎች የሚያሳዩት መቆጠብ በአመዛኙ ፍርሃት ሳይሆን ፍርድ ነው። የፍርዱም መመዘኛ ግልጽ ነው፦ ስሕተት ቢፈጠር ማን ይጠየቃል? ይህ ጥያቄ መልስ እስካላገኘ ድረስ ሥልጠና ብቻውን ችግሩን አይፈታም፤ አንዳንድ ጊዜም ያባብሰዋል።

ዕድሜ ብቻውን አያስረዳም

በዘርፉ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው የፍሬድ ዴቪስ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1989 የቀረበ ሲሆን፣ ሰዎች አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበሉት ይጠቅመናል ብለው ሲያምኑና አጠቃቀሙ ቀላል ነው ብለው ሲገምቱ እንደሆነ ያስረዳል። ማርክ ፕሬንስኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ ትውልዱን በሁለት ከፍሎ፣ ወጣቶችን የዲጂታሉ ዓለም ተወላጆች፣ ከእነርሱ የሚበልጡትን መጤዎች ብሏቸዋል። ሁለተኛው አከፋፈል በምሁራን ዘንድ ብዙ ትችት ቢደርስበትም በዕለት ተዕለት አስተሳሰብ ውስጥ ግን ሥር ሰድዷል፤ አረጋዊ ሰው በማያውቀው አገር እንደሚንከራተት እንግዳ ተደርጎ ይታያል።

የኢትዮጵያ አረጋውያን ታሪክ ግን ይህን አያሳይም። ዛሬ 75 ዓመት የሞላው ሰው በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዕድሜው ወደ 30 ይጠጋ ነበር። በዘመቻው ፊደል ያልቆጠሩ ጎልማሶችና አረጋውያን በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ተሰብስበው ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ ትምህርቱም እያደር በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል። የዛሬዎቹ አረጋውያን ከፊሎቹ ያኔ ተማሪዎች፣ ከፊሎቹ አስተማሪዎች ነበሩ። አዲስ ነገር በጎልማሳ ዕድሜ መማርን ከማንም በላይ የሚያውቅ ትውልድ ካለ ይህ ትውልድ ነው።

የድምፅ መሣሪያዎችንም ይህ ትውልድ ሳይግደረደር ተቀብሏል። ሬዲዮን የቤት አባል አድርጎ ኖሯል። ውጭ አገር ላለ ልጅ ወይም ዘመድ መልእክትን በካሴት ቀድቶ በተጓዥ እጅ መላክን ለምዶ ነበር፤ ደብዳቤ መጻፍ የማይችል ሰው ሰላምታውን፣ ምርቃቱንና ለቅሶውን በገዛ ድምፁ አድርሷል። ዛሬም ልጃቸው ቤይሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ለሥራ የሄደችባቸው እናት ፊደል ባይቆጥሩም እንኳ የኢሞን ምልክት ለይተው ይነካሉ፤ ስልኩን በእጃቸው ዘርግተው የልጃቸውን ፊት ያያሉ። እኚሁ እናት በዚያው ስልክ ገንዘብ እንዲልኩ ሲጠየቁ እምቢ ይላሉ። መሣሪያው አንድ ነው፤ ጣታቸውም አንድ ነው። የተለየው የተጠየቁት ነገር ነው።

አረጋውያን ምኑን ተቀበሉ? ምኑን ተዉ?

ይህ ልዩነት በጥንቃቄ ሲታይ ሥርዓት ያለው ሆኖ ይገኛል። አረጋውያን በስልክ ድምፅ መስማትን፣ ፊት ማየትንና የደኅንነት ጥያቄን በደስታ ይቀበላሉ። በእነዚህ ስሕተት ቢፈጠር ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይዘጋል፣ የተቋረጠ ጥሪም ተመልሶ ይደወላል።

የማይቀበሏቸው ነገሮች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ የሰው መገኘት የሚያስፈልጋቸው ናቸው ብለው የሚያምኑባቸው ናቸው። መርዶ ዋናው ምሳሌ ነው። በቆየው ልማድ መርዶ የሚነገረው ተመካክረውና ተዘጋጅተው በሚሄዱ ሰዎች ነው፤ ብዙ ጊዜም ጎሕ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ዘመድና ጎረቤት ከብቦት ይነገረዋል። አንድ ሰው መንገድ ላይ ወይም ሥራ ቦታ ሳለ የእናቱን ሞት በስልክ ሲሰማ አዛውንቱ የሚቆጡት ስልኩን ጠልተው አይደለም፤ የወደቀውን የሚደግፍ ክንድ በአጠገቡ ስላልነበረ ነው። ሽምግልናም እንዲሁ ነው፤ የተጣሉ ሰዎች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ በስልክ ታረቁ ቢባል ብዙ ሽማግሌዎች ዕርቅ ብለው አይቀበሉትም።

ሁለተኛዎቹ ገንዘብንና ፊርማን የሚመለከቱ ናቸው። በአረጋውያን የሕይወት ልምድ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እማኝ አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ ዋስ አለ። የባንክ የቁጠባ ደብተር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የገባውና የወጣው ተራ በተራ ተጽፎ ይታያል፤ በሣጥን ይቀመጣል፤ ቻርጅ አይፈልግም፤ ጥርጣሬ ሲነሣም ለሦስተኛ ወገን ተገልጦ ይታያል። በስልክ ሲተላለፍ ግን ከእጅ የሚቀረው አንድ አጭር መልእክት ነው፤ እርሱም ቢሆን በስሕተት ሊጠፋ፣ ስልኩ ሲሰረቅም አብሮ ሊሄድ ይችላል። የሒሳቡ መዝገብ በተቋሙ ዘንድ መኖሩ እርግጥ ነው፤ አረጋዊው ግን ያን መዝገብ በራሳቸው እጅ ገልጠው ማሳየት አይችሉም። ስለዚህ «ማን ይጠየቃል?» የሚለው ጥያቄያቸው ከኋላ ቀርነት የመጣ ሳይሆን ማስረጃ የመያዝ የቆየ ልማድ የወለደው ነው።

የመሣሪያው ድርሻ

አረጋውያን ከስልክ ጋር የሚገጥማቸው ችግር ሁሉ ከእነርሱ የመነጨ ተደርጎ መታየቱም ሌላው ስሕተት ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተውም በዚያው ዓመት ነው። በመሆኑም ስልኩ ሲመጣ ፊደሉ አብሮት አልመጣም፤ ለብዙ ዓመታት መልእክት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነበር። አማርኛን በግእዝ ፊደል አቀላጥፎ የሚያነብ ጡረታ የወጣ መምህር እንኳ በስልኩ ፊት እንደ ማይም ተቆጥሮ ኖሯል።

የሰዓቱና የቀኑ ጉዳይም አለ። አረጋዊው «ጠዋት 1 ሰዓት» የሚሉትን ስልኩ 7 ሰዓት ይለዋል። እርሳቸው በዓመት 13 ወር ይቆጥራሉ፤ ስልኩ 12 ያውቃል። ዓመተ ምሕረቱም በሰባት ወይም በስምንት ይለያያል። የሐኪም ቀጠሮ በስልክ መልእክት ሲደርሳቸው ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ለመለየት ሌላ ሰው መጠየቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ይህን ችግር የፈጠረው የአረጋዊው አእምሮ አይደለም፤ ቀጠሮውን የጻፈው ተቋም ነው።

አካልም የራሱ ድርሻ አለው። በዕድሜ ምክንያት የመስማት ችሎታ ሲቀንስ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ብዙ የስልክ ጥሪዎችና የማስጠንቀቂያ ድምፆች ደግሞ ቀጭን ናቸው። በሥራ የጠነከረና የደረቀ ጣትን የመንኪያ ስክሪን በደንብ ላይለየው ይችላል። በባለ ቁልፍ ስልክ በኮከብና በመሰላል ምልክት የሚከፈተው የአገልግሎት ዝርዝር ምላሽ የሚጠብቀው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ መነጽራቸውን ፈልገው፣ የመጀመሪያውን መስመር አንብበው ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ይዘጋል። እንደገና ይጀምራሉ፤ እንደገና ይዘጋል። ሦስተኛው ላይ ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ይሰጣሉ። አጥኚውም በመጠይቁ ላይ «በራሳቸው መጠቀም አይችሉም» ብሎ ይመዘግባል።

የምስጢር ቁጥሩ በማን እጅ ነው?

የነገሩ ክብደት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የገንዘብ አገልግሎት በፍጥነት ወደ ስልክ ተሸጋግሯል። የመብራትና የውኃ ክፍያን የመሳሰሉ የቤት ወጪዎችም በስልክ መከፈል ጀምረዋል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የጣልከው መሠረትም አገልግሎቶችን ከዲጂታል ማንነት ጋር የሚያስተሳስር ነው። አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ በብዙ መልኩም ጠቃሚ ነው።

እነዚህ አገልግሎቶች ግን በአንድ ግምት ላይ ቆመዋል፦ አንድ ስልክ፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ የምስጢር ቁጥር። የአረጋውያን ኑሮ ከዚህ ግምት ጋር አይገጥምም። ሲም ካርዱ ብዙ ጊዜ የወጣው በገዛው ልጅ ስም ነው። ስልኩ ቤት ሲቀመጥ የሁሉም ነው። የምስጢር ቁጥሩን ያወጣው የልጅ ልጅ ነው፤ የሚያስታውሰውም እርሱ ነው። ገንዘብ ለማውጣት ወደ ሱቅ የሚሄዱ አዛውንት ስልካቸውን ለሱቁ ልጅ ሰጥተው ቁጥራቸውን ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብለው ይናገራሉ። ሥርዓቱ ይህን ሁሉ አያይም፤ ትክክለኛው ቁጥር እስከገባ ድረስ ገንዘቡን ያንቀሳቀሱት አረጋዊው ራሳቸው እንደሆኑ ይመዘግባል።

በዚህ መንገድ አረጋዊው በወረቀት ዘመን የነበራቸውን ሦስት ነገር ያጣሉ። የመጀመሪያው ምስጢር ነው። ስንት እንዳላቸውና ለማን እንደሰጡ ከራሳቸውና ከባንኩ ጸሐፊ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛው ሥልጣን ነው። ለልጅ ልጅ መስጠትም መከልከልም የእርሳቸው ነበር፤ አሁን ገንዘባቸውን ለማየት እንኳ ያንኑ የልጅ ልጅ ይለምናሉ። ሦስተኛው ማስረጃ ነው። ገንዘብ ቢጎድል የሚጠረጥሩት የገዛ ሥጋቸውን ስለሆነ ዝም ይላሉ፤ ቤተሰብ ከማፍረስ መጉደሉን ይመርጣሉ። የዚህ ዝምታ ዋጋ በየትኛውም የተጠቃሚዎች ቁጥር ውስጥ አይታይም። እንዲያውም ሒሳቡ ስለሚንቀሳቀስ አረጋዊው «ንቁ ተጠቃሚ» ተብለው ይቆጠራሉ።

«ዕጣ ደርሶዎታል» እያሉ ደውለው የምስጢር ቁጥር የሚጠይቁ አጭበርባሪዎችም የሚያተኩሩት በዚሁ ክፍተት ላይ ነው። ቁጥሩን ለቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ለሱቅ መንገር የለመደ ሰው በትሕትና ለሚያናግረው እንግዳ ድምፅም ቢነግር አይደንቅም። «ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ቁጥሩን ሳይሰጡ በአገልግሎቱ መጠቀም ለማይችል ሰው ትርጉም የለውም። እንግዲህ ከሁለቱ አረጋውያን ጥበብ ያለው የትኛው ነው? ቁጥሩን ለልጅ ሰጥቶ «ዘመናዊ» የተባለው ነው ወይስ ደብተሩን ይዞ ሰልፍ የቆመው?

የሌላው ወገን ክርክር

ለዚህ አመለካከት ሦስት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው የአገልግሎት ተደራሽነት ነው። ባንክ በሌለበት ገጠር የሚኖር አረጋዊ ገንዘብ ለመቀበል ግማሽ ቀን ከሚጓዝ በስልኩ ቢደርሰው ይሻለዋል፤ ሰልፉም ለደከመ ጉልበት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ጥሬ ገንዘብ ራሱ አደጋ ያለው መሆኑ ነው፤ አበሉን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ አዛውንት በመንገድ ሊዘረፍ ይችላል። ሦስተኛው አረጋውያን ሁሉ ጠንቃቃ ፈራጆች አለመሆናቸው ነው፤ ከልማድ፣ ከኩራት ወይም «ከእንግዲህ ለእኔ» ከሚል ስሜት የተነሣ ሊጠቅማቸው የሚችለውን ሳይሞክሩ የሚገፉ አሉ።

ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚያስረዱት አገልግሎቱ መኖር እንዳለበት እንጂ አሁን ባለው መልኩ መቅረት እንዳለበት አይደለም። ሦስተኛውም ቢሆን አረጋውያን አንድ ወጥ እንዳልሆኑ ያሳስባል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር የቀድሞ የቢሮ ሠራተኛ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ የገጠር እናትና በንግድ ያረጀ ነጋዴ በአንድ «ከ60 ዓመት በላይ» በሚል ረድፍ ሲጨፈለቁ ከልማድ የመጣው እምቢታና ከልምድ የመጣው እምቢታ አይለዩም። ጥናት ሊሠራ የሚገባውም ይህንን መለየት ነው።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ነገር ውክልናን ወደ ስልኩ ማምጣት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን በግልጽ ያውቃል፤ ወካይ አለ፣ ተወካይ አለ፣ የሥልጣን ወሰን አለ፣ ተጠያቂነትም አለ። አረጋዊው ለልጅ ልጃቸው የምስጢር ቁጥራቸውን ሲሰጡ ግን ወሰን የሌለው፣ ያልተመዘገበና የማይጠየቅ ውክልና ሰጡ ማለት ነው። አገልግሎት ሰጪዎች ረዳቱ በራሱ ስምና በራሱ ቁጥር እንዲገባ፣ መብራት መክፈል እንዲችል ግን ከተወሰነ መጠን በላይ ማውጣት እንዳይችል፣ የሠራው ሁሉም በስሙ እንዲመዘገብ ቢያደርጉ ቤተሰብ ይረዳል፤ አረጋዊውም ባለቤት ሆነው ይቀራሉ።

ሁለተኛው ጊዜ መስጠት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ በስልክ የፈሰሰ ገንዘብ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። ባለቤቱ ከፈለጉ ከዚህ በፊት ተልኮለት ለማያውቅ ሰው የሚሄድ ገንዘብ ለጥቂት ሰዓታት ቆይቶ እንዲደርስ፣ በዚህም መካከል ሊሰረዝ እንዲችል ማድረግ የመፍጠንን ጥቅም ሳያጠፋ የመሳሳትን ፍርሃት ይቀንሳል። የአገልግሎት ዝርዝሩም ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው የሚታገሥ፣ በድምፅም የሚነገር፣ ቀንና ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚገልጽ መሆን አለበት።

ሦስተኛው መስኮቱን አለመዝጋት ነው። በስልክ መክፈል ሲቻል ለሚችለው ሰው ምቾት ነው፤ በስልክ ብቻ ይከፈል ሲባል ግን ለማይችለው ሰው የሌላ ሰው ጥገኛ እንዲሆን የሚያስገድድ ትእዛዝ ይሆናል። ሰው ያለበት መስኮት፣ የወረቀት ደረሰኝና የሚታይ ደብተር ለሚፈልገው እንዲቆይለት ማድረግ ብዙ ወጪ አይደለም፤ ለሥርዓቱም ዋስትና ነው።

አራተኛው በቀጥታ ተመራማሪውን ይመለከታል። አረጋውያንን በልጆቻቸው ፊት፣ ብሎም በልጆቻቸው አፍ መጠየቅ መቅረት አለበት። ስለ ምስጢር ቁጥር የሚጠየቁት እናት መልሱን የሚሰጡት ቁጥሩን የያዘው ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ከሆነ ያ መልስ መረጃ ሊባል አይችልም። የመጠይቁም ጥያቄ «ለምን አይጠቀሙም?» ከማለት «ምኑን ይጠቀማሉ፣ ምኑን ተዉ፣ ምን ቢስተካከል ይቀበሉታል?» ወደሚል ሊዞር ይገባል። የመጀመሪያው ጥያቄ ጉድለትን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ምክንያትን ያዳምጣል።

ማጠቃለያ

በአገሪቱ ልማድ ነገር ሲከብድ የሚጠየቀው ሽማግሌ ነው። ስለ ርስት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ደም የሽማግሌ ቃል ሲሰማ ኖሯል። ስለ ስልክ ሲሆን ግን ሽማግሌው ተማሪ ብቻ ሆነዋል፤ ሠላሳ ደቂቃ ሥልጠና ተሰጥቷቸው ካልገባቸው የእርሳቸው ጥፋት ይሆናል። እርሳቸው ግን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ይዘው ቆመዋል፤ ገንዘቤ ቢጠፋ ወደ ማን እሄዳለሁ? ማንስ ይመሰክርልኛል?

ይህ ጥያቄ የአረጋውያን ብቻ አይደለም። ወጣቱ ስልኩን በፍጥነት ስለሚነካ ጥያቄውን ዘለለው እንጂ መልስ አላገኘለትም። ተቋማት ለአረጋውያን ሥጋት በቂ መልስ ያዘጋጁ ዕለት የሚጠበቁት ባለ ደብተሩ አዛውንት ብቻ ሳይሆኑ ስልኩን የገዛላቸው ልጃቸውም ጭምር ነው።